ጠባብ ግቢ፣ ብዙ ልጅ፦ ያለ ብዙ ወጪ የእረፍት ሰዓት መጫወቻ አዘገጃጀት

«ግቢያችን ጠባብ ነው፣ በጀት የለንም፣ ልጆቹ በእረፍት ሰዓት እየተጋጩ ይጎዳሉ። ምን እናድርግ?»

ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ዳር ካሉት ከየካ አባዶም፣ ከቱሉ ዲምቱም፣ ከኮዬ ፈጬም እየደወሉ ይጠይቁኛል። አንዳንዶቹ እንደኔው የስፖርት መምህራን ናቸው። አንዳንዶቹ ወላጆች። አንዷ ደግሞ ዩኒት ሊደር ናት፤ የተፈነከተ ልጅ ይዛ ጤና ጣቢያ መመላለስ ሰልችቷታል። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

መመሪያው ዥዋዥዌና ሸርተቴ መግዛት ለማይችል ትምህርት ቤት ነው። ሥራው ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል። ስድስት ሰባት ወላጅ፣ ሁለት መምህር፣ አንድ ጎበዝ ጥበቃ ካላችሁ ይበቃል። ልጆችን መጫወት ማስተማር አይጠበቅባችሁም፤ እሱን ከእኛ በላይ ያውቁታል። የእኛ ሥራ የሚጎዳቸውን ማንሳት፣ ቦታውን መከፋፈልና ገለል ማለት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ከ10 እስከ 15 ያረጀ የቤት መኪና ጎማ። ጎሚስታ ጋ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ ቦታ ስለሚይዝባቸው ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ። የሲኖ ጎማ አታምጡ፤ ለመትከልም ለማንሳትም መከራ ነው።
- 2 ወይም 3 የተቀደደ ካላማዳሪያ (የጎማ ውስጠኛው ላስቲክ፤ እሱም ከዚያው ጎሚስታ)
- 20 ሜትር ያህል የቃጫ ገመድ፣ የአውራ ጣት ያህል የወፈረ
- ያረጁ ካልሲዎች፣ የተገኘውን ያህል
- ፌስታልና ቁርጥራጭ ጨርቅ (ልብስ ሰፊ ጋ በማዳበሪያ ሙሉ ይገኛል)
- አንድ ከረጢት ጄሶ፤ የሲሚንቶ ወለል ካላችሁ ደግሞ ነጭ የዘይት ቀለምና ብሩሽ
- ሜትር፣ ሲባጎ፣ የእንጨት ችካል
- አካፋ፣ ዶማ፣ ወፍራም ጓንት፣ ድሪል
- ክዳን ያለው ሳጥን ወይም በርሜል
- ሳሙና፣ ንጹህ ውሃ፣ ፋሻና ፕላስተር

1. ሦስት ቀን ዝም ብላችሁ እዩ

ዶማ ከማንሳታችሁ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። የግቢውን ካርታ በእጃችሁ ሳሉ፦ በሩ፣ ሽንት ቤቱ፣ ቧንቧው፣ ክፍሎቹ፣ ዛፉ። ከዚያ ሦስት የእረፍት ሰዓት ቆማችሁ ተመልከቱ። ልጅ በተጋጨበት ወይም በወደቀበት ቦታ ሁሉ «×» አድርጉ። ልጆች ቁጭ ብለው የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ክብ አድርጉ።

ይህን የምለው እኔ ራሴ ተሳስቼ ስላየሁት ነው። ችግሩ ኳስ ነው ብዬ ድርቅ ብዬ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን «×» የበዛው ከሜዳው ላይ ሳይሆን ከቧንቧው ጥግ ነበር። አባሮሽ የሚጫወቱት ከግድግዳው ጀርባ እየበረሩ ሲመጡ፣ ሃይላንዳቸውን ሞልተው ከሚመለሱት ጋር ፊት ለፊት ይላተማሉ። ኳሱን ከልክዬ ቢሆን ኖሮ ምንም አይለወጥም ነበር።

2. መሬቱን አጽዱ

ከተማው ጫፍ ላይ ያሉ ትምህርት ቤቶች አንድ የሚጋሩት ነገር አለ፤ ወይ ግቢው ውስጥ፣ ወይ አጠገቡ ግንባታ አይጠፋም። ስለዚህ ሚስማር፣ የፌሮ ቁራጭ፣ የጠርሙስ ስባሪና የብሎኬት ፍርፋሪ ይኖራል። ጓንት አድርጋችሁ፣ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፋችሁ፣ ከግቢው ጫፍ እስከ ጫፍ እየሄዳችሁ ልቀሙ። ከመሬት ብቅ ያለ ፌሮ ካለ ቆፍራችሁ አውጡት ወይም ከመሬት በታች አስቆርጡት። አጥፎ መተው አይበቃም፤ የታጠፈውም ያደናቅፋል።

የአፈሩ ነገር ደግሞ አለ። ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ አካባቢ ያላችሁ ጥቁሩን አፈር ታውቁታላችሁ። ክረምት ላይ ጫማ ያወልቃል፣ በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ቁርጭምጭሚት የሚወለቀው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ስንጥቁን በዚያው አፈር አትሙሉት፤ ዝናብ ሲመጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይከፈታል። ሰሌክት (ለመንገድ ሥራ የሚጠቀጠቀውን ጠጠራማ አፈር) አምጥታችሁ በስሱ አልብሱት፣ ውሃ ረጭታችሁ ጠቅጥቁት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ርካሽ ነው ብላችሁ መጫወቻው ላይ አታፍስሱ። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ልጅ ሲወድቅ ጉልበቱን እንደ ሞረድ ይልጠዋል። ለመተላለፊያ መንገድ ግን ጥሩ ነው።

ክዳን የሌለው የሴፕቲክ ጉድጓድ ወይም የውሃ ማጠራቀሚያ ካለ ሌላውን ሥራ ሁሉ አቁማችሁ መጀመሪያ እሱን ክደኑ። ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ የማይገባበት ቀዳዳ የለም።

3. ግቢውን ክፈሉት

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። አንድ ኳስ ካልተገደበ ግቢውን በሙሉ ይወስዳል። ሃያ ልጅ ይጫወታል፣ ሁለት መቶው ግድግዳ ይለጠፋል።

በካርታችሁ ላይ አራት ክፍል አውጡ።

የኳስ ቦታ፦ ከግቢው ግማሽ አይበልጥ። 20 በ12 ሜትር ለአምስት ለአምስት ይበቃል። ጎሉን ከመንገድ በኩል ካለው አጥር ራቅ አድርጉት። ጎሎቹ ግድግዳ ፊት ቢሆኑ ይሻላል፤ ኳሱ ተመልሶ ይመጣል።

የሩጫ ቦታ፦ ለአባሮሽ፣ ለሌባና ፖሊስ፣ ለጆንያ ሩጫ። 15 ሜትር ርዝመት ጥሩ ነው። ከመጨረሻው መስመር እስከ ግድግዳው ግን ቢያንስ 3 ሜትር ባዶ ተዉ። የሚሮጥ ልጅ መስመሩ ላይ አይቆምም፤ ካለፈው በኋላ ነው የሚቆመው። ቦታ ካላገኘ በእጁ ግድግዳውን ይገፋል፣ አንጓው የሚሰበረውም ያኔ ነው።

የዝላይ ቦታ፦ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ገመድ። ደልዳላ መሬት ይፈልጋል። ሲሚንቶ ቢሆንም ችግር የለውም፣ እርጥብ ካልሆነ።

የቁጭታ ቦታ፦ ብይ፣ ቅልብልቦሽ፣ ገበጣ፣ እቃቃ። ይሄ ጥላ ያስፈልገዋል። ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለነው፤ አየሩ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይፋጃል። ዛፍ ከሌላችሁ በፀሐይ አቅጣጫ አስቡት፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ጥላው ከክፍሎቹ ምዕራብ በኩል ነው የሚወድቀው።

ከአራቱ ውጭ ደግሞ ማንም የማይጫወትበት መተላለፊያ ይኑር፦ ከክፍል ወደ ሽንት ቤት፣ ከሽንት ቤት ወደ ቧንቧ። ስፋቱ 2 ሜትር። በዊልቸር ወይም በክራንች የሚሄድ ልጅ ካለ መተላለፊያው እስከ ቁጭታ ቦታውና እስከ ዝላይ ቦታው ይድረስ። እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቀሩት መጫወት ስለማይችሉ አይደለም፤ መድረስ ስላልቻሉ ነው።

4. መስመር አስምሩ

ችካል ትከሉ፣ ሲባጎ ወጥሩ፣ በሲባጎው ላይ ጄሶ በቀጭኑ አፍስሱ። ልጅ በዓይኑ ያየውን ድንበር ያከብራል። በአፍ ብቻ የተነገረው በሁለተኛው ቀን ይረሳል።

ማስጠንቀቂያ፦ በጄሶ ፈንታ ኖራ አትጠቀሙ። አንድ ጊዜ «ያው ነጭ ነው» ብዬ በኖራ አስምሬ፣ ማግስቱን ዓይናቸውን የሚያሹ ሁለት ልጆች ተቀበሉኝ። ኖራ እርጥበት ሲነካው ያቃጥላል። ድንገት ዓይን ውስጥ ከገባ ሳታሹ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውሃ እያፈሰሳችሁ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ለሰኞ ማክሰኞ የእያንዳንዱ ቤት ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ለኬጂ ልጆች 30። ከዚህ ከጠበበ እግራቸው መስመር ይረግጥና «ረገጥሽ፣ አልረገጥኩም» ሲባባሉ ደወሉ ይደወላል። የቤቶቹን አሳሳል እናንተ አትወስኑ። የአያት ልጅና የለገጣፎ ልጅ አንድ ዓይነት አይስልም። አምስተኛ ክፍል ካሉት ሁለቱን ጥሩና ሲስሉ ቆማችሁ እዩ። ሁለት ሦስት ሰኞ ማክሰኞ ጎን ለጎን ይኑር፤ አንድ ብቻ ከሆነ ትልልቆቹ ይይዙታል።

5. መጫወቻዎቹን ሥሩ

የካልሲ ኳስ

ሰዎች «ለምን ደህና ኳስ አንገዛም?» ይሉኛል። ግዙ፣ ግን ለስፖርት ክፍለ ጊዜ አስቀምጡት። ለጠባብ ግቢ የካልሲ ኳስ ይሻላል። አይነጥርም፣ መስታወት አይሰብርም፣ ፊት ላይ ቢያርፍም አፍንጫ አያደማም። ከሁሉም በላይ በቀላሉ አጥር ዘሎ አስፋልት ላይ አይወጣም።

ሀ. ሁለት ፌስታል ጨምድዳችሁ ጠበቅ ያለ እምብርት ሥሩ። ፌስታል መሃል የሚገባው ኳሱ እንዳይከብድና ውሃ እንዳይጠጣ ነው።
ለ. በላዩ ጨርቅ ጠምጥሙ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ አትጠምጥሙ፤ እያዞራችሁ ካልሆነ እንቁላል ይወጣላችኋል።
ሐ. ካልሲ ውስጥ እስከ ጣቱ ድረስ ክተቱት። አፉን ጠምዝዙ፣ የቀረውን ካልሲ ገልብጣችሁ መልሳችሁ አልብሱት። ካልሲው እስኪያልቅ ይህን ድገሙ።
መ. ሁለተኛ ካልሲ በተቃራኒ አቅጣጫ አልብሱና አፉን በወፍራም ክር ስፉት።

ለእግር ጨዋታ የትልቅ ብርቱካን እጥፍ ያህል፣ ለመወርወር የልጅ ጡጫ ያህል ይሁን። ክብደት እንዲኖረው ብላችሁ ድንጋይ ወይም አሸዋ እንዳትጨምሩ። ይህን ልጆችም ያስቡታልና አልፎ አልፎ ጨመቅ እያደረጋችሁ ፈትሹ።

ሱዚ

ካላማዳሪያውን በሳሙና እጠቡና በአግድም በ2 ሳንቲ ሜትር ስፋት እንደ ቀለበት ቁረጡ። ቀለበቶቹን አንዱን በአንዱ ውስጥ እያሾለካችሁ ቀጥሉ። ሳይወጠር ክቡ ዙሪያውን 4 ሜትር ሲሆን ሁለቱን ጫፎች ግጠሙ። ከልብስ ላስቲክ ይልቅ ካላማዳሪያ የሚሻለው ስለሚቆይ ነው። አንዱ ቀለበት ሲበጠስ እሱን ብቻ ትቀይራላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሱዚ ከወገብ በላይ እንዳይያዝ። ደረት ላይ ሲደርስ የምትዘለው ልጅ እግሯ ተጠልፎ በጀርባዋ ትወድቃለች። ወገብ ላይ ያለውም ትልልቆቹ ብቻ ይሞክሩት።

ገመድ

የቃጫ ገመድ ያልኩት ከናይለን ስለሚከብድ ነው። ከባድ ገመድ ሲሽከረከር ቅርጹን ይይዛል፣ የሚዘለው ልጅም መቼ እንደሚገባ ያያል። ናይለን ይንቀዋለላል፣ ሲጎተትም መዳፍ ያቃጥላል። ለብቻ ለመዝለል፦ ልጁ ገመዱን መሃሉ ላይ ረግጦ ሁለቱ ጫፎች ብብቱ ድረስ ከመጡ ልኩ ነው። ለጋራ ዝላይ ከ4 እስከ 5 ሜትር ቁረጡ። ጫፎቹን ቋጥሩ፣ አለበለዚያ ቃጫው ይፈታል።

6. ጎማዎቹን ትከሉ

ጎማውን በሳሙና እጠቡ። ከዚያ ቁራጭ ጨርቅ ይዛችሁ ውስጡንም ውጭውንም አብሱት። ጨርቁ የሆነ ቦታ ላይ ከተያዘ ሽቦው ወጥቷል ማለት ነው። ያንን ጎማ መልሱት፤ ጥገና የለውም።

ጤነኞቹን አቁማችሁ እስከ ግማሽ ቅበሩና ዙሪያውን ጠቅጥቁ። ከላይ የቀረው ቅስት መቀመጫም፣ መዝለያም ይሆናል። በመሃላቸው 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ተዉ። በታችኛው በኩል አፈር ሙሉበት፣ ከመትከላችሁ በፊትም በድሪል አራት አምስት ቀዳዳ ብሱ። ውሃ ካቆረ ይሸታል፣ ትንኝ ይፈለፈልበታል። አራት ጎማ ደግሞ ለጎል ትከሉ፣ ለእያንዳንዱ ጎል ሁለት ሁለት።

ጎሉን በጎማ ያልኩት ከምክንያት ጋር ነው። መሬት ውስጥ ያልተቀበረ የብረት ጎል ልጅ ሲንጠለጠልበት ወደፊት ይገለበጣል። ያለ ቤቶን መሠረት የቆመ ጎል ካላችሁ ዛሬውኑ አጋድሙት። ድንጋይ ለጎል ማስቀመጥም አይሆንም፤ ጨዋታው ሲጋጋል ይወረወራል።

7. ሳጥኑንና ተረኞቹን አዘጋጁ

መጫወቻዎቹ አንድ ሳጥን ውስጥ ይግቡ። ክዳኑ ላይ ቁጥሩን ጻፉ፦ ኳስ 6፣ ሱዚ 4፣ ገመድ 5። በየሳምንቱ ሁለት ተረኛ ልጆች ይመደቡ። ሲወጣ ይቆጥራሉ፣ ደወል ሊደወል 3 ደቂቃ ሲቀረው ይሰበስባሉ። ቁጥሩ ካልሞላ ሳጥኑን ቆልፎ ሁሉንም መቅጣት የለም። የጎደለው ይፈለጋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ ላይ ነው።

ገመድና ሱዚ ከእረፍት በኋላ ግቢ ውስጥ አይደር። ዛፍ ላይም አይታሰር። አንገት ላይ የሚጠመጠመው ሰው የማያይበት ሰዓት ላይ ነው።

8. ሦስት ሕግ ብቻ

ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ አውጡ። ከሦስት ከበለጠ ማንም አያስታውሰውም። እኛ ጋ የጸኑት እነዚህ ናቸው፦ የወደቀ ልጅ ካለ ጨዋታው ይቆማል። መተላለፊያው ላይ አይሮጥም። ኳስ ከወጣ «ጋሼ፣ ኳስ ወጥቶብናል» ተብሎ ጥበቃው ይጠራል እንጂ ማንም ከበር አይወጣም።

ሦስተኛው ላይ ቀልድ የለም። ከአጥሩ ማዶ ማሳ ከሆነ ዕድለኞች ናችሁ። አስፋልት ከሆነ ግን ጠጠር የጫነ ሲኖ ልጅ አይቶ ለመቆም ጊዜ የለውም።

9. ሰዓቱን አከፋፍሉ

እረፍቱ 20 ደቂቃ ነው እንበል። ሽንት ቤትና ቧንቧ ወረፋ፣ ምሳ ዕቃ መክፈት፣ መክሰስ መብላት ሲቀነስ ለጨዋታ 8 ደቂቃ እንኳ ላይተርፍ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለሚኖርና ከሰርቪስ ወርዶ ቀጥታ ቤት ለሚገባ ልጅ ይህች እረፍት ትልቅ ድርሻ አላት።

ከተቻለ ትንንሾቹን ከ3፡45 እስከ 4፡05፣ ትልልቆቹን ከ4፡10 እስከ 4፡30 አውጡ። ወረፋው በግማሽ ይቀንሳል። የስድስት ዓመት ልጅም በአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ጉልበት አይገጭም። ፈረቃ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች ይህ ሊከብዳችሁ ይችላል፤ ቢያንስ ኬጂውን ለዩ።

10. ቆማችሁ ጠብቁ፣ ግን አትግቡ

ሁለት መምህር በቂ ነው። አንዱ ቧንቧው ጥግ፣ አንዱ በኳሱና በሩጫው መሃል ይቁም። ስልክ ኪስ ውስጥ። ፊሽካ ለአደጋ ብቻ ይነፋ፤ ለሁሉ ነገር ከተነፋ ለአደጋውም የሚሰማ አይኖርም። ልጆች በሕግ ሲጨቃጨቁ ከመሄዳችሁ በፊት እስከ ሠላሳ ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ሃያ ሳይሞላ ራሳቸው ይጨርሱታል።

በዝናብ ቀን

ጥቁር አፈር ላይ ያላችሁ ሜዳውን ዝጉ። የጭቃ እግር ይዞ ሲሚንቶ ኮሪደር ላይ መሮጥ ከሜዳው ይብሳል። የቁጭታ ጨዋታዎቹን ወደ በረንዳ አምጡ። ቅልብልቦሽ አምስት ጠጠር ብቻ ነው የሚፈልገው። ገበጣ በካርቶን የእንቁላል መያዣ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

ሁሉንም በአንድ ቀን መክፈት። መጀመሪያ ሳምንት መስመርና ኳስ፣ ሁለተኛው ሳምንት ሱዚና ገመድ፣ ከዚያ ጎማ። አንድ ላይ ሲመጣ ግርግር ይሆናል።

«ሱዚ የሴት፣ ኳስ የወንድ» ብሎ መመደብ። ምርጫውን ለልጆቹ ተዉት። እኛ ጋ ሱዚ የሚዘሉት ስምንተኛ ክፍል ወንዶች በዝላያቸው ይኩራራሉ።

ብይ ለኬጂ መስጠት። አፋቸው ውስጥ ያስገቡታል። ከሦስተኛ ክፍል በታች ሳጥኑ ውስጥ ብይ አይኑር፤ ቆርኪም እንዲሁ።

እረፍት መከልከልን እንደ ቅጣት መጠቀም። ጠዋት የረበሸ ልጅ ሳይሮጥ ክፍል ከተመለሰ ከሰዓት በኋላ የባሰ ይረብሻል። ሌላ ቅጣት ፈልጉለት።

ልጅ ሲጎዳ

የተላጠ ጉልበት በውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ በፕላስተር ይሸፈን። አፈር ወይም ቡና አይደረግበት። ዝገት ያለበት ሚስማር ከወጋው ታጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ፣ የቴታነስ ክትባት ሊያስፈልገው ይችላል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ካስታወከ፣ ከደነገዘ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ራሱን ከሳተ አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ውሰዱ፣ ለወላጅ ደውሉ። ምንም ባይታይበትም ወላጅ ማታ እንዲከታተለው ንገሩ። ክንዱ ወይም እግሩ ከተጣመመ አትጎትቱ፣ አታሹ፤ ባለበት ደግፋችሁ ውሰዱት።

ዓርብ ዓርብ

ሩብ ሰዓት ይበቃል። ጎማዎቹን በጨርቅ አብሱ፣ የሱዚውን ቀለበት ጎትታችሁ ፈትሹ፣ የገመዱን ቋጠሮ እዩ፣ ሜዳውን ለስባሪ ቃኙ። ጄሶው በሁለት ሳምንት ይደበዝዛል፣ አንድ ደህና ዝናብ ከመጣ ደግሞ በአንድ ሌሊት ይጠፋል፤ ስለዚህ ግማሽ ከረጢቱን አስቀሩ። የካልሲ ኳስ ከሦስት ሳምንት በላይ አይኖርም። ወላጆች ካልሲ እንዲልኩ ስታስታውቁ «የታጠበ» የሚለውን ቃል ጨምሩ። እኔ ሳልጨምር ቀርቼ ሳጥኑን አንድ ሳምንት ሙሉ ውጭ አሳድሬዋለሁ።